እናታችን በአንድ ጠዋት ስድስት ዓመት አረጀች

ወንድም ዓለሜ ሃርላን፣

ይህ ወረቀት ያን ሁሉ ተራራ ተሻግሮ እጅህ ሲገባ በምን ሁኔታ ያገኝህ ይሆን? ጤናህ እንዴት ነው? አቧራው ያወረሰህ ሳል በደጋው አየር ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቅስሃል? ኔቲስ ወገቧን እንዴት አደረጋት? ልጆቹስ ትምህርት ቤት ገቡ ወይስ የፖም ለቀማው እስኪያልቅ ጠብቁ ተባሉ? እኔ በሐሳቤ ቀኑን ሙሉ እናንተው ዘንድ ነኝ። ልብስ እያጠብኩ እንኳ ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ያ የጻፍክልኝ መሰላል ይታየኛል፤ አንተ ጫፉ ላይ ቆመህ፣ ቅጠሉ ፊትህን ሸፍኖት፣ እጅህ ብቻ ሲወጣ ሲወርድ። ከዚያ ሳሙናው ዓይኔ ይገባና እነቃለሁ።

እኛ ደህና ነን። ይህን ለወግ ያህል አልጻፍኩትም። ሰማዩ ዘንድሮም በዝናቡ ቸር አልሆነልንም፤ ነፋስ ከምዕራብ በተነሣ ቁጥር አሁንም እርጥብ አንሶላ በሩ ላይ እሰቅላለሁ። ግን ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት። ግሌን ደህና ነው። ትንሿ ልጃችን ዊልዳም የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላለች።

ኔቲ በላከችልኝ ደብዳቤ ጫፍ ላይ፣ «ሃርላን ያቺን ወረቀት ፈርሞ ከላከ ወዲህ ስምሽን አያነሣም፤ እራት ላይም ዝም ይላል» ብላ ጽፋለች። ወንድሜ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዝም ያልኩህ ፈርጄብህ አይደለም። ፈርም ብዬ የለመንኩህ እኔው ነኝ። የአውራጃው ሹማምንት እናታችንን በድሆች ቤት ለመቀበል የሁለታችንንም ፊርማ ጠየቁ። «እኛ ልጆቿ ልንጦራት አልቻልንም» ብላችሁ ፈርሙ ሲሉኝ የእኔን አስቀድሜ ያንተን ጠበቅሁ። ያንተ ስትመጣ ፊደሉ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበር፤ አንገትህን ደፍተህ እንደ ጻፍከው ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር መጀመሪያው ይጠፋኝ ነበር። አሁን ግን የምነግርህ ነገር አለኝ። መሰላል ላይ ሆነህ ከሆነ የምታነበው ውረድና ተቀመጥ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። በበጋው መጀመሪያ መንግሥት በሚያሠራው ግድብ ላይ ሰው ሲቀንሱ ግሌንም አብሮ ተቀነሰ። እርሻውን ባንኩ ከወሰደው ወዲህ የምንኖረው ከኮርቻ ሰፊው ሱቅ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች መሆኑን ታውቃለህ፤ እነሱንም መያዝ አቃተን። ግሌን «ወደ ሃርላን እንሂድ። እዚያ ቢያንስ ከላይ የሚወርደው ፖም ነው፤ እዚህ የሚወርደው አቧራ ብቻ ነው» አለ። ሐኪሙ ግን የእናታችንን ደረት ብዙ ካዳመጠ በኋላ «ይህ ልብ ተራራ አይሻገርም» አለን። እሷም ብትሆን «ዙሪያውን በተራራ የታጠረ አገር አልኖርም፤ መንጋቱን በምን አውቃለሁ?» ብላ እምቢ አለች። እንግዲህ ያንን መንገድ አንተም ታውቀዋለህ፤ የቀረው የድሆች ቤት ብቻ ነበር። ለኦክቶበር መጀመሪያ አንድ አልጋ ይለቀቃል አሉን። የማን አልጋ እንደ ሆነና ለምን እንደሚለቀቅ አልጠየቅሁም።

እናታችን አላለቀሰችም። በየዓመቱ ለገና ለእነዚያ ሰዎች የዱባ ፓይ ጋግራ ትወስድላቸው እንደ ነበረ ታስታውሳለህ? «ቤቱን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ክፉው በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ነው። ሁሉም ወደ መንገዱ ዞሮ ይቀመጣል፣ በመንገዱ ግን የሚመጣላቸው የለም።» ከዚያ ቀን ጀምራ ዕቃዋን ማደል ያዘች። ማንኪያዎቿን ለእኔ፣ የስፌት ጣት መከላከያዋን ለዊልዳ፣ የአባባን ምላጭ ለግሌን ሰጠች። ለሦስት ቀን እንደ መጣ እንግዳ በእግሯ ጣት ትራመድ ጀመር። እኔም ከእሷ ጋር ፈዘዝኩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አቧራው ውስጥ ቢጫ ሆና ስትንጠለጠል፣ ሁለታችን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠን ማን እንደ ነቃ ማን እንዳንቀላፋ አይለይም ነበር።

በኦገስት አጋማሽ ከአውራጃው የእርዳታ ቢሮ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ስሟ ወይዘሪት ብሩም ይባላል። ባረጀች ፎርድ መኪናዋ ከቤት ቤት እየዞረች፣ ሽማግሌና አሮጊት ባለበት በር ሁሉ ታንኳኳለች። አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ስልሳ አምስት ዓመት የሞላውና የሚጦረው ያጣ ሰው በየወሩ ከመንግሥት ድጎማ ያገኛል፣ በገዛ ቤቱም ተቀምጦ ይኖራል አለችን። እኔ ሕልም እያለምኩ መሰለኝ። እናታችን ግን ብርጭቆ ውኃ አቅርባላት ሲያበቃ «ምጽዋት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አይደለም፣ ወይዘሮ ፔንሮድ፤ ሕግ ነው» አለች ልጅቷ።

«ሕግ ከሆነማ ሸሪፉ ይዞት ይምጣ፤ እሱ ነው ለሕግ በሬን የሚያንኳኳ» አለች እናታችን። ወይዘሪት ብሩም ሳቀችና ወረቀቷን አውጥታ ስም ጻፈች፤ ቀጥላም ዕድሜ ጠየቀች። እናታችን ወደ መስኮቱ እያየች «ስልሳ አንድ» አለች።

ልጅቷ የብዕሯን ክዳን መልሳ ገጠመች። ያን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ፤ ጠቅ አለ። ሕጉ አራት ዓመት ቢቀር አይደለም አራት ቀን ቢቀርም እንደማይፈቅድላት እያፈረች ነገረችን። እናታችን ትከሻዋን ዳበስ አድርጋ «አይዞሽ ልጄ፤ አንቺ አልወለድሽኝ» አለቻትና እስከ ደረጃው ሸኘቻት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ሰኞ ቀን ልብስ እያጠብን ነበር። እኔ አሻለሁ፣ እሷ ትጨምቃለች። ነፋስ የለም። በመስኮቱ በኩል የሚገባው ብርሃን ውስጥ አቧራው ብልጭ ብልጭ ይላል። የዊልዳን አረንጓዴ መስመር ያለበትን ቀሚስ ከውኃው አውጥታ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችና ሳትጨምቀው ቆመች። ውኃው በክንዷ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ለማንም እንደማትናገር ሁሉ መናገር ጀመረች።

«መጀመሪያ በረዶ መስሎን ነበር» አለች። «ሰማዩ በጠራራ ፀሐይ አብረቀረቀ። እማዬ ወደ ላይ አየችና 'የምን በረዶ ነው በዚህ ሙቀት?' አለች። ከዚያ መሬት ወረደ። አንበጣ ነው። እማዬ ብርድ ልብሱን ሁሉ አውጥታ ባቄላው ላይ አለበሰችው፤ እነሱ ግን ብርድ ልብሱንም በሉት፣ ባቄላውንም በሉት። እኔ ግቢው መሀል ቆሜያለሁ። አረንጓዴ መስመር ያላት ነጭ ቀሚስ ለብሻለሁ። መላ ሰውነቴ ላይ ሰፈሩ። አልጮህኩም። እግራቸው ሲኮሰኩሰኝ ዝም ብዬ ቆምኩ። እማዬ መጥታ ስታራግፍልኝ ቀሚሴ ላይ አረንጓዴው መስመር ሁሉ ተበልቷል፤ ነጩን ትተውልኛል። አረንጓዴውን ቅጠል መስሏቸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያኝኩ ይሰማኝ ነበር፤ ልክ ለስለስ ያለ ዝናብ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲዘንብ ደስታና ፍርሃት አብረው ይመጡብኛል።»

እኔ እንደ ተረት ነበር የማዳምጣት። ብዙ ቆይቶ ነው ልቤ ደንገጥ ያለው። ሃርላን፣ የአንበጣው ዓመት መቼ እንደ ነበረ አገር ያውቀዋል። 1874 ነው። እናታችን ደግሞ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ የልደት መመዝገቢያ ገጽ ላይ በአባባ እጅ እንደ ተጻፈው በ1876 ነው የተወለደችው። ሳሙናውን አስቀመጥኩና ቀስ ብዬ፣ «እማማ፣ ያን ጊዜ ስንት ዓመትሽ ነበር?» አልኳት።

እሷም አሁንም ያኛው ግቢ ውስጥ እንደ ቆመች «አራት ሞልቶኝ ነበር» አለች። ወዲያው ቀሚሱ ከእጇ ወደ ገንዳው ወደቀ። ተያየን። ፊቷ እንደ ልጃገረድ ቀላ።

እንዲህ ነው ወንድሜ። እናታችን ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አባባን ያገባችው በሃያ ሦስት ዓመቷ እንጂ በዐሥራ ሰባት አልነበረም። በዚያን ዘመን በሃያ ሦስት ዓመቷ አባቷ ቤት ያለች ሴት እንደ ቆሞ ቀር ትታይ ነበር አለችኝ። አባባ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ ዓይነ አፋር ነበር፣ እናቱም ክፉ ነበረች። ያቺ አያታችን ከልጄ የምትበልጥ ሴት ደጃፌን አትረግጥም ብላ ነበር። እናታችን አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዕድሜዋን ሲጠይቃት ሳታስበው «ዐሥራ ሰባት» አለች። «ማታውኑ ላርመው ነበር» አለችኝ፣ «ማታው ግን ጭፈራ ነበር። በማግሥቱም ሣር ሊያጭድ ሄደ። እያልኩ እያልኩ ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈና ሞተብኝ።»

እኔ በደስታ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንሳፈፈ። አቅፌ ልስማት ስል ገፋ አደረገችኝና «አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ» አለችኝ። «በእኔ ምክንያት አባትሽ የሐሰት ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጽፎ ሞቷል። አሁን ለገንዘብ ብዬ ከመቃብሩ በላይ ቆሜ 'ሚስትህ ውሸታም ነበረች' ልበለው? እውነተኛ ሴት ተብዬ የድሆች ቤት ብገባ ይሻለኛል።» ለመንኳት። ተቆጣኋት። ሳህን ሰበርኩ፤ ሳላስበው ነው እንጂ አውቄ አይደለም። አንዴ እምቢ ካለች አለች ነው፤ ታውቃታለህ።

ያላሸነፍኳትን ዊልዳ አሸነፈቻት። ነገሩን በር ላይ ሆና ሰምታ ኖሮ እራት ላይ «አያቴ፣ አባባ አያት ቢሰማ ይቆጣሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። እናታችን የበቆሎ ዳቦዋን ቆርሳ ይዛ ብዙ አሰበች። «አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ስለማላውቅ ነው እኮ የፈራሁት።» በማግሥቱ ጠዋት ባርኔጣዋን አድርጋ ጠበቀችኝ። ምስክር ያስፈልገኝ ይሆናል አለችኝ፤ ያን የአንበጣ ዓመት አብሯት ያየ አንድ ሰው ብቻ በሕይወት አለ።

ሰውየው ማን መሰለህ? አቶ አምብሮስ ታትል ናቸው። እናታችን እሳቸውን መንገድ ላይ ስታይ ተሻግራ በሌላው ወገን ትሄድ እንደ ነበረ፣ እኛም ላማችን በቆሏቸውን ስለ በላች ተቀያይመው ነው እንል እንደ ነበረ ታስታውሳለህ? ላሚቱ ምንም አላደረገችም። አብሮ አደጓ ነበሩና ዕድሜዋን ያውቁ ነበር፤ እንዳያወጡባት ፈርታ ነው አርባ አራት ዓመት ሙሉ መንገድ የተሻገረችው። እሳቸውም ያለ ሚስት ያለ ልጅ አርጅተው፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የሚኖሩት እዚያው የድሆች ቤት ነው።

በኮርቻ ሰፊው ጋሪ ሄድን። ሰዎቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አቧራው ውስጥ ስንመጣ ሁሉም ቀና አሉ፤ ሰው ሲመጣላቸው አይተው አያውቁምና ማን ዘንድ እንደ መጣን እያንዳንዳቸው ሲገምቱ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። አቶ አምብሮስ ጫፉ ላይ ነበሩ። ከስተዋል፤ ጢማቸው ግን የታጠበ የበግ ጠጉር ይመስላል። እናታችን ፊታቸው ቆማ ጓንቷን ስታወልቅ ስታጠልቅ ቆየች።

«ሎቪና» አሉ እሳቸው። «ዛሬ መንገዱን መሻገር ረሳሽው?»

«ጉልበቴ ደክሟል አምብሮስ» አለች። «አንድ ነገር ልለምንህ መጥቼ ነው። የአንበጣውን ዓመት ትዝ ይልሃል?»

«የአባቴን መቆፈሪያ እጀታ በሉት» አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸው ሩቅ ሄደ። «የእጁ ላብ ጨው ሆኖ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ነበርና ለዚያ ብለው በሉት። አንቺ ግቢያችሁ መሀል ቆመሻል። ቀሚስሽን ገፈው አስቀሩሽ። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አንቺ አራት። 'ሎቪን በሏት!' ብዬ እየጮህኩ ወደ ቤት ሮጥኩ።» ሁለቱም ሳቁ። እኔ ከጋሪው አጠገብ ቆሜ፣ ሁለት ሽማግሎች ሳይሆኑ ሁለት ሕፃናት እያየሁ መሰለኝ፤ አቧራው ፊታቸውን አለስልሶት ሽብሽባቱ ጠፍቶ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሪት ብሩም ሁላችንን በመኪናዋ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ወሰደችን። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ጸሐፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዕድሜ?» አለ። ከኋላችን የወፍጮ ባለቤቱ ሚስት ቆማለች፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም አሉ። እናታችን ቀጥ ብላ ቆመችና ከእሱ ድምፅ በላይ «ስልሳ ሰባት» አለች። በአንድ ጠዋት ስድስት ዓመት አረጀች፤ ግን እልሃለሁ፣ እንደዚያ ቀን ወጣት ሆና አይቻት አላውቅም።

አቶ አምብሮስ እጃቸውን አንሥተው ምለው መሰከሩ። ጸሐፊው ግን ማስረጃ አምጡ ስለ ተባልን ይዘነው የሄድነውን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ በጣቱ ቁጥሯን መታ መታ አደረገ። «ይህ 1876 ይላል» አለ። «አቶ ታትል፣ የማንን ልመን? የእግዚአብሔርን መጽሐፍ ወይስ የእርስዎን ቃል?»

«መጽሐፉ የእግዚአብሔር ነው» አሉ አቶ አምብሮስ። «ያቺ ገጽ ግን የባሏ የኤልመር ናት።»

ከዚያ ወደ እናታችን ሳያዩ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ተናገሩ። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው አባባ እሳቸው የአጥር እንጨት ወደሚተክሉበት መጥቶ «አምብሮስ፣ አንተ ከሎቪና ጋር ነው ያደግኸው፤ ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም መዋሸት ስለማያውቁ ሃያ ሦስት ነው አሉት። አባባ የስንዴ አገዳ እያኘከ ብዙ ቆመ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ «እኔን ፍለጋ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ተጉዛ ከመጣች፣ ያን ሁሉ መንገድ ተመለሺ አልላትም። አንተም ራሷ እስክትናገር ድረስ እንዳትናገር ማልልኝ።» ማሉለት። «ገጹን የጻፈው እያወቀ ነው» ብለው ጨረሱ። «እኔም እሷ እስክትናገር ጠበቅሁ፤ እሷ ግን መንገድ እየተሻገረች አስቸገረችኝ።»

ጸሐፊው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና ብዙ ጻፈ። ማኅተሙን መታ። እናታችን ግን ማኅተሙን አላየችም፤ ወጥታ ሄዳለች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ነፋሱ የባርኔጣዋን ሪባን ያወዛውዛል፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«በልደቴ ቀን ምን ይለኝ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ?» አለችኝ። አስታወስኩ። አንተም ታስታውሳለህ። በየዓመቱ ጉንጯን ስሞ «ዘንድሮም አልደረስሽብኝም» ይላት ነበር። ሦስት ዓመት ስለሚበልጣት ነው የሚላት እንል ነበር፤ እሷም እንደዚያ የሚያምን ይመስላት ነበር። እሱ ግን በሦስት ዓመት የምትበልጠው እሷ መሆኗን እያወቀ ሲስቅ ኖሮ ነው። ሠላሳ ስምንት ልደት። እናታችን በዚያ ደረጃ ላይ ቀስ ብላ መሳቅ ጀመረች፣ እየሳቀችም አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ሰዎች እየወጡ እየገቡ ያልፉን ነበር፤ እኛ ግን ሌላ ዓመት ውስጥ ነበርን።

የወፍጮ ባለቤቱ ሚስት ስትወጣ ቆም አለችና «በእኛ ጊዜ እኮ ሎቪና፣ ሰው የሚረዳው ጎረቤቱን ነበር፤ መንግሥት ምን አገባው?» አለቻት። ክፋት ኖሯት አይመስለኝም። እናታችን ዓይኗን ጠርጋ «ልክ ነሽ» አለቻት። «ጎረቤት ሲረዳኝ ግን ዓይኑን ማየት ነበረብኝ። ይህ ወረቀት ዓይን የለውም።»

ወደ መኪናው ስንመለስ ወይዘሪት ብሩም ለአቶ አምብሮስ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ለእሳቸውም ይገባቸው ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ በድሆች ቤት ለሚኖር ሰው አይሰጥም፤ ከዚያ ወጥቶ የሚኖርበት ያለው ብቻ ነው የሚያገኘው። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «የምወጣበት ቢኖረኝ መቼ ገባሁ» አሉ። ከዚያ እናታችን ወደ መስኮቱ እያየች «ኮርቻ ሰፊው ከሱቁ ጀርባ ቆዳ የሚያከማችባት ክፍል አለችው» አለች። «ትሸታለች። ፀሐይ ግን ትገባባታለች።»

እንግዲህ እንዲህ ሆነ። እኔና ግሌን ክፍሏን በኖራ ቀባናት። አቶ አምብሮስ ንብረታቸውን በአንድ የዱቄት ጆንያ ይዘው መጡ። ከድሆች ቤት ሲወጡ እነዚያ በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች ተነሥተው ቆመው ሸኟቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእነሱ አምስቱ ወይዘሪት ብሩምን ጠርተው ዕድሜያቸውን አስመዝግበዋል፤ አንደኛዋን የእህቷ የልጅ ልጅ ልትወስዳት ነው ይባላል። የሁለቱ ሽማግሎች ድጎማና ግሌን በሳምንት ሦስት ቀን በመንገድ ሥራ የሚያገኘው ተደምሮ ቤቱን ይዘናል። ኦክቶበር አንድ ቀን እናታችን ልትገባበት የነበረው አልጋ ባዶ አደረ። እኔ ያን ቀን ጠዋት ሁለታችን የፈረምንባትን፣ ለሹማምንቱ ሳላስረክባት የቀረችውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ። ምድጃው ውስጥ ልከት ስል እናታችን እጄን ያዘችና ተቀብላኝ አነበበቻት። በስምህ ላይ ጣቷን አሳለፈች። «ደክሞታል ልጄ» አለች፤ «ሲደክመው ከትንሽነቱም ፊደሉ ይተኛል።» ከዚያ እሷው ራሷ እሳቱ ውስጥ ጣለቻት። ስለዚህ ወንድሜ፣ እራት ላይ ዝም አትበል። ልጆቹን አጫውታቸው።

የመጀመሪያው ቼክ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰ። ፖስተኛው ከታች ሲጣራ እናታችን ራሷ ወረደች። ፖስታው ላይ «ወይዘሮ ሎቪና ፔንሮድ» ይላል። በሕይወቷ ሙሉ በአባባ ስም «ለወይዘሮ ኤልመር ፔንሮድ» እየተባለ ነበር የሚጻፍላት፤ የራሷን ስም በማተሚያ ታትሞ አይታው አታውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ሳትመነዝረው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዞር ብላ ታየው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ባርኔጣዋን አድርጋ ወደ ባንክ ልንሄድ ስንል በሩ ላይ ቆመችና እውነተኛ ግራ መጋባት በፊቷ ላይ እየታየ፣ «ዖርፋ፣ ሰው ሲከፈለው ለምን እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። ይህንን የላኩልኝ ለየትኛው ሥራ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ስላረጀሽ ነው እማማ» አልኳት።

ቼኩን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ አሰበች። «እሱንማ» አለች፣ «በደንብ ሠርቼዋለሁ።» ቀድማኝም ደረጃውን ወረደች።

ለኔቲ ስለ ወገቧ ትኩስ ጡብ በጨርቅ ጠቅልላ እንድትይዝበት ንገራት፤ ከእናታችን ነው ምክሩ። ዶይልን በሁለቱም ጉንጮቹ ሳምልኝ፤ ፈርንን ግን ትልቅ ሆኛለሁ የምትል ከሆነ እጇን ብቻ ጨብጥልኝ። ለሕፃኑም አክስት እንዳለችው በጆሮው ሹክ በለው። ግሌን ሰላም ብሎሃል፤ ለቀማው ሲያልቅ አንድ ሳጥን ፖም ብትልክ በባቡር ጣቢያው እጠብቀዋለሁ ይላል። ዊልዳ የወለቀ ጥርሷን ልትልክልህ ፈልጋ ከልክያታለሁ። አቶ አምብሮስ ቀርበው ሳያውቁህ ጥሩ ልጅ ነው ይሉሃል። እናታችን ደግሞ አሁን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ውጭውን እያየች ነው፤ ምን ልበልልሽ ብላት «ዛሬ ደመና አለ በይው» አለችኝ።

የምትወድህና የምትናፍቅህ እህትህ፣

ዖርፋ

ዊሎው ስፕሪንግ፣ ካንሳስ
እሑድ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1937